«በቃ» ማለትም ሙያ ነው

ከሁለት ዓመት በፊት እቴቴን ለኦፕራሲዮን ይዘን ከጎጃም ገጠር ወደ ከተማ መጣን። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት እኔ ከመወለዴ በፊት የነበረ ነው፤ ልጆች እያለን ጭኗ ላይ ተቀምጠን እንዳብሰው ነበር። በኋላ ግን እያደገ መጥቶ በጀርባዋ ስትተኛ ያፍናት ጀመር። ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፋ፣ ተቀምጣ ታድራለች። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት እሷው ራሷ እየሳቀች ትተርተው ነበር። እኛ ግን መሳቁን ትተናል።

ተራዋ እስኪደርስ ወራት ጠበቅን። አጎቴ ወይፈን ሸጠ። እኔም ያለችኝን አዋጣሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስገቧት። አምስት ሰዓት ሳይሞላ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ልጅ አረንጓዴ ልብሷን እንደለበሰች ከበሩ ብቅ አለች።

«የእንቅርቷ እናት ቤተሰቦች እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን ዶክተር» አለ አጎቴ ኮፍያውን አውልቆ።

«ዶክተር አይደለሁም አባባ፣ አንስቴቲስት ነኝ። እናታችን ደህና ናቸው፣ ነቅተዋል። ግን ኦፕራሲዮኑ ዛሬ አልተሠራም። ማደንዘዣው ከተሰጣቸው በኋላ የመተንፈሻ ቱቦው አልገባ አለን። ሁለት ጊዜ ሞከርን። ከዚያ በላይ ከመሞከር ማንቃት ይሻላል ብለን አነቃናቸው። የተሻለ መሣሪያ ወዳለበት ሪፈር እንጽፍላችኋለን።»

አጎቴ ዝም አለ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። «ካልቻላችሁ መጀመሪያውኑ ለምን አስተኛችኋት?» አልኳት፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየሰማ። በጭንቅላቴ የማሰላው የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውን፣ የወይፈኑን ሒሳብ ነበር። ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ! ልጅቷ «ይቅርታ» ብላ ተመለሰች። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ሪፈሩን ይዘን ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆስፒታል ሄድን። እዚያ ያገኘናቸው የሰመመን ሐኪም ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አነበቡና ተረጎሙልን። አራት መስመር ነው። ሁለት ጊዜ ተሞክሯል፤ የድምፅ አውታሮች አልታዩም፤ በማስክ ማናፈስ ተችሏል፤ ታካሚዋ በሰላም ነቅተዋል። መነጽራቸውን አውልቀው «ይህችን የጻፈች ልጅ እናታችሁን ሁለት ጊዜ ነው ያተረፈቻቸው። አንዴ በማቆሟ፣ አንዴ በመጻፏ» አሉን።

ያን ማታ ኀፍረት እንቅልፍ ነሳኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ ያገኘሁትን የሰመመን ባለሙያ ሁሉ ሻይ እየጋበዝኩ ጠየቅኩ። ዛሬ የምጽፈው ያቺን ልጅ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ይቅርታ ብቻ ቢሆን ግን ይህን ያህል ቦታ አያሻውም። ያን ቀን ኮሪደር ላይ የሠራሁትን ሁላችንም እንሠራዋለን፤ ዋጋውንም ሰው በነፍሱ ይከፍላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእንዲህ ያለ ከባድ ኦፕራሲዮን ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥ ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒትም አብሮ ይሰጣል። ታካሚው መተንፈስ ያቆማል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ትንፋሹ በሌላ ሰው እጅ ነው። ባለሙያው ላሪንጎስኮፕ በሚባል መብራት ባለው ብረት ምላስን አንስቶ የድምፅ አውታሮችን ይፈልጋል፤ በመካከላቸው ቱቦ ያሳልፋል። ከኋላ በኩል የምግብ ቧንቧ አለ። ቱቦው ተሳስቶ እዚያ ከገባ አየሩ ሆድ ይነፋል እንጂ ሳንባ አይደርስም።

ብዙውን ጊዜ ይህ ሥራ ከደቂቃ በታች ያልቃል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን በሩ አይገኝም። እንቅርት ቧንቧውን ገፍቶት፣ ፊት በእሳት ተቃጥሎ አብጦ፣ መንጋጋ በመኪና አደጋ ተሰብሮ፣ ወይም አፍ አልከፈት ብሎ ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ታካሚው ሆዱ ምግብ አለበት፣ አፉን ደም ሞልቶታል፣ ኦክስጅኑ ገና ከመጀመሪያው ወርዷል። እንደ እቴቴ «እናንቃውና ሌላ ቀን እንየው» የሚባል አማራጭም አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ስለዚህ ጥያቄው የጊዜ ነው። ደስ የሚለው፣ ጊዜ ሊቆጠብ ይችላል። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ታካሚው ከመተኛቱ በፊት ለሦስት ደቂቃ ያህል ፊቱ ላይ በደንብ በገጠመ ማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ከተነፈሰ፣ ናይትሮጅኑ ወጥቶ ሳንባው በኦክስጅን ይሞላል። ለክፉ ቀን ጎተራ ውስጥ እንደተቀመጠ እህል ማለት ነው። ይህ ያልተደረገለት ጤነኛ አዋቂ መተንፈስ ባቆመ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ኦክስጅኑ መውረድ ይጀምራል። የተደረገለት ግን እስከ ስምንት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። የነፍሰ ጡር፣ የሕፃን፣ የወፍራም ሰውና በጠና የታመመ ሰው ጎተራ ቶሎ ያልቃል።

ጎተራውን የሚያሰፉ ሌሎች ቀላል ዘዴዎችም አሉ። ራስጌን ከፍ ማድረግ አንዱ ነው። ወፍራም ሰው ከሆነ ጆሮው ከደረቱ አጥንት ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ከትከሻውና ከራሱ ሥር ብርድ ልብስ አጥፎ መደርደር፣ በሙከራው ጊዜም የአፍንጫውን ኦክስጅን አለመንቀል ይጠቅማል። ብርድ ልብስ ለማጠፍ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

ሌላም ርካሽ ነገር አለ፣ ቡዢ ይባላል። ጫፉ ትንሽ ቀና ያለ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን ዘንግ ነው። በሩ በከፊል ብቻ ሲታይ መጀመሪያ እሱን ያሾልኩታል። የአየር ቧንቧውን ቀለበቶች ሲነካ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ጎማ እጅ ላይ ይንገጫገጫል። ከዚያ ቱቦው በላዩ ተንሸራቶ ይገባል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1949 የጻፉት የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ሮበርት ማኪንቶሽ ናቸው። አዲስ ግኝት አይደለም ለማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ፣ ወደ ቁጥር። ቶማስ ሞርት የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኦፕራሲዮን ክፍል ውጪ በድንገት ቱቦ የገባላቸውን 2,833 ታካሚዎች መርምረዋል። ሥራው በሁለት ሙከራ ወይም ከዚያ በታች ካለቀላቸው መካከል ኦክስጅናቸው የወረደባቸው 11.8 በመቶ ናቸው። ከሁለት ጊዜ በላይ ከተሞከረባቸው መካከል ግን 70 በመቶ። የልብ መቆም ከ0.7 በመቶ ወደ 11 በመቶ ዘልሏል።

እርግጥ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ እጁን ያወጣል። «ብዙ ሙከራ ያስፈለጋቸው መጀመሪያውኑ የባሰባቸው ስለሆኑ ቢሆንስ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ከፊሉ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ግን ምክንያቱንም ባለሙያዎቹ በዓይናቸው ያዩታል። ብረቱ በገባ ቁጥር ጉሮሮ ያብጣል፣ ይደማል። በመጀመሪያው ሙከራ ጠባብ የነበረው በር በአራተኛው ይዘጋል። ይባስ ብሎ፣ በማስክ ማናፈስ ይቻል የነበረው ሰው ጭራሽ የማይናፈስ ይሆናል።

ታዲያ ይህ እየታወቀ ሰው ለምን ደጋግሞ ይሞክራል? ክፍል ውስጥ «ሰንክ ኮስት» ብለን የተማርነው ነገር ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ የቆመ ሰው «እስካሁን ቆሜ አሁን ልሂድ?» ይላል። በእግሩ ቢሄድ ኖሮ ደርሶ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደቆመ ግን ለሚመጣው ታክሲ ምኑም አይደለም። ላሪንጎስኮፕ የያዘ እጅም እንደዚያው ነው። «ትንሽ ቀረኝ፣ አሁን አየሁት፣ አንዴ ብቻ» ይላል። ጎተራው ባዶ እየሆነ ነው፤ እሱ ግን አያየውም።

ይህ የጀማሪ ስህተት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2005 እንግሊዝ አገር ኢሌይን ብሮሚሊ የተባለች የ37 ዓመት የሁለት ልጆች እናት ለቀላል የሳይነስ ኦፕራሲዮን ገባች። ክፍሉ በመሣሪያ የተሟላ፣ ሐኪሞቹም የረዥም ዓመት ልምድ ያላቸው ነበሩ። ማደንዘዣው ከተሰጣት በደቂቃዎች ውስጥ አየር ማስገባት አልተቻለም፤ ኦክስጅኗ ወደ 40 በመቶ ወረደ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ተሰብስበው ቱቦውን ለማስገባት እየተፈራረቁ ደጋግመው ሞከሩ። ደቂቃዎቹ እንዴት እንደሄዱ አላወቁም። አንዲት ነርስ አንገት ላይ ቀዳዳ ለማበጀት የሚያገለግለውን ዕቃ አምጥታ «ዝግጁ ነው» አለች፤ የመለሰላት የለም። ሌላዋ ነርስ ፅኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ አስያዘች፤ ሐኪሞቹ ያዩዋት አስተያየት አጋነንኩ እንዴ አሰኛትና አልጋውን ሰረዘችው። ኢሌይን አልነቃችም። ከ13 ቀናት በኋላ አረፈች።

ባሏ ማርቲን ብሮሚሊ አውሮፕላን አብራሪ ነው። ማን ይታሰር ብሎ አልጠየቀም፤ ምን እንማር ብሎ ጠየቀ። ምርመራ ሲደረግ ከነርሶቹ ውስጥ መደረግ ያለበትን ያወቁ እንደነበሩ ታወቀ። ለሐኪሞቹ እንዴት እንደሚናገሩት ግን አላወቁበትም። ማርቲን ይህን ታሪክ ከሙያው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው ሲያልቅ፣ የበረራ መሐንዲሱ «ያኛው አውሮፕላን ከመንገዱ ወጥቷል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ዋናው አብራሪ፣ በድርጅቱ እጅግ የተከበረ ሰው፣ «አዎ» ብሎት መነሳቱን ቀጠለ። መሐንዲሱ ደግሞ አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ነው ረዳት አብራሪ አለቃውን እንዴት እንደሚያስቆም፣ አለቃውም እንዴት እንደሚሰማ በሥልጠና ማስተማር በዓለም የተስፋፋው። ዛሬ የእኛም አየር መንገድ አብራሪዎች ይህን ሳይማሩ አይበሩም።

ማርቲን እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን ትምህርት ወደ ሕክምና የሚያመጣ ቡድን መሠረተ። የእንግሊዞቹ የሙያ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መንገዱን በአራት ደረጃ አስቀመጠው። ወደ አማርኛ ልመልሰው። ዕቅድ ሀ፣ ቱቦ ማስገባት ነው፤ ቢበዛ ሦስት ሙከራ፣ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው ከመጣ አንድ ይጨመራል። ዕቅድ ለ፣ ቱቦውን ትቶ ከድምፅ አውታሮች በላይ የሚቀመጠውን የላሪንክስ ማስክ ማስገባት ነው። ዕቅድ ሐ፣ ወደ ፊት ማስክ ተመልሶ ማናፈስ፣ ከተቻለም ማንቃት። ሁሉም እምቢ ካለ ዕቅድ መ ነው። አንገት ፊት ለፊት፣ ማንቁርት ላይ ያለችውን ስስ ሽፋን በስለት ቀዶ፣ በቀዳዳው ቡዢ አሳልፎ፣ 6 ቁጥር ቱቦ ማስገባት። ሽግግሩም በልብ አይያዝም። «አልተሳካም፣ ወደሚቀጥለው እንሂድ» ተብሎ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ በድምፅ ይነገራል።

«በቃ» ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ታካሚውን መተው ማለት አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «በቃ» ማለት ወደሚቀጥለው ደረጃ፣ ካስፈለገም ወደ ስለቱ፣ ጊዜው ሳያልፍ መሄድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የእንግሊዞቹ አገር አቀፍ የአንድ ዓመት ምርመራ፣ ወደዚህ የመጨረሻ ደረጃ ዘግይቶ መሄድ ሰው እንደሚገድል በግልጽ አሳይቷል።

ወደ እኛ ስንመጣ መጀመሪያ የሚሰማው መልስ «ዕቃ የለንም» ነው። እውነት ነው። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ላሪንጎስኮፕ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ በድንገተኛና በፅኑ ሕሙማን ክፍሎች 1,417 አዋቂዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በካሜራው ቱቦው በመጀመሪያው ጊዜ የገባላቸው 85.1 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው ብረት 70.8 በመቶ ናቸው። ቱቦው ሳንባ መግባቱን ከሚወጣው ትንፋሽ የሚያረጋግጠው ካፕኖግራፍም በየክፍሉ ሊኖር ይገባል። ይገዛ! ግን 85 በመቶም ቢሆን 15 ሰው ይቀራል። ለእነዚያ 15 ሰዎች የሚያስፈልገው ቡዢው፣ የላሪንክስ ማስኩ፣ ስለቱና 6 ቁጥሩ ቱቦ በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ፣ ሳይቆለፍበት መቀመጡ ነው። ሰው እየታፈነ «ቁልፉ የስቶር ኃላፊዋ ጋ ነው፣ ምሳ ወጥታለች» አይባልም። ሣጥኑም ለጌጥ እንዳይሆን ነርሱ፣ አንስቴቲስቱ፣ ቀዶ ሐኪሙ አብረው በአሻንጉሊት ላይ ይለማመዱበት።

ከዕቃው የከበደብን ግን ሌላ ይመስለኛል። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል፤ ሐኪም ሲሠራ ነርስ ያቀብላል። ለቡና ሥነ ሥርዓት ጥሩ ጨዋነት ነው። ኦክስጅን እየወረደ ግን ዝምታ ይነቅዛል፣ ሰውም ያነቅዛል። አንዲት ነርስ «ዶክተር፣ ኦክስጅኑ ሰማንያ ገብቷል፣ ሦስተኛ ሙከራ ነው፣ ማስኩን ላቅርብ?» ለማለት ድፍረት የሚጠይቃት ከሆነ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እንዲህ ማለት ግዴታዋ እንደሆነ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አለቃው ራሱ ሊነግራት ይገባል።

እኛ ቤተሰቦችስ? እዚህ ላይ የተማርኩት ትምህርት ጠቀመኝ። ሰው የሚያደርገውን ለማወቅ ምን እንደሚያስከፍለውና ምን እንደሚያስገኝለት እዩ ይባላል። ያቺ ልጅ በማቆሟ ምን አገኘች? የታካሚ ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ጮኸባት፣ የጮህኩባት ደግሞ እኔ ነኝ። የዕለቱ ፕሮግራም ተበላሸ። «አልቻለችም» ተባለ። ቀጥላ ብትሞክርና እቴቴ ብትሞትስ? አጎቴ አንገቱን ደፍቶ «የእግዜር ሥራ ነው» ይል ነበር። ሬሳችንን ይዘን፣ ምናልባትም አመስግነን፣ እንመለስ ነበር። ማንቃት ጥፋት ይመስለናል፤ ሞትን ግን ዕጣ እንለዋለን። በዚህ ሒሳብ ቀጥሎ መሞከር የሚያዋጣ ያደረግነው እኛው ነን።

ስለዚህ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ሆስፒታሎች በጊዜ ያቆመን ባለሙያ አይገምግሙት፤ ያመስግኑት፣ የሆነውንም ሌላው እንዲማርበት በግልጽ ይወያዩበት። ባለሙያዎች አስቸጋሪ ጉሮሮ ሲገጥማችሁ ያቺን አራት መስመር ጻፉ፤ ለታካሚውም በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። እኛ ደግሞ ያቺን ወረቀት እንደ ቤት ካርታ እንያዛት። ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌሊት በድንገተኛ ስንገባ ቀድመን የምናሳያት እሷን ይሁን። ከበሩ ወጥቶ «አቁመናል፣ ታካሚያችሁ ግን ደህና ናቸው» የሚል ሰው ካገኘን ሒሳቡን ከማስላታችን በፊት «እግዜር ይስጥልን» እንበል።

እቴቴ በሁለተኛው ሆስፒታል በካሜራውና በቡዢው ታግዘው ቱቦውን በመጀመሪያው ሙከራ አስገቡላት። ስለቱም ተዘጋጅቶ፣ ማን እንደሚይዘው ተነጋግረው ነበር የጀመሩት፤ አላስፈለገም። አንገቷ ላይ ቀጭን ጠባሳ ቀርቷል፤ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ባለፈው ፋሲካ ቤቷ አድሬ ነበር። ሌሊት ነቅቼ ሳያት በጀርባዋ ተኝታለች።

የአንስቴቲስቷን ስም ያን ቀን አልጠየቅኳትም። ይህን ካነበብሽው፣ ኮሪደር ላይ የጮኸብሽ ልጅ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።